የፕሮፌሰሩ ቁርባን

ስለ ሞተ ሰው ማውራት ሰልችቶኛል፤ ሰሞኑን ከቀብር ቀብር ነው የምንውለው። ስለ እኚህ ሰው ግን ዝም ብል ይከነክነኛል።

ንፋስ መውጫ ላይ እኔና ፕሮፌሰሩ አንድ ግቢ ተከራይተን፣ አንድ ኮሌጅ እናስተምር ነበር። እሳቸው ካቶሊክ ናቸው። ጋይንት ውስጥ ካቶሊክ ይወራለታል እንጂ አይታይም፤ አከራያችን እንኳ መጀመሪያ ሰሞን «ለመሆኑ ያማትባሉ?» ብላ በጓሮ ጠይቃኛለች።

ቅዳሜ ምሳ ሲደርስ እሳቸው መናኸሪያ ናቸው። ባሕር ዳር ሄደው፣ ቆርበው፣ እሑድ ማታ አቧራ ለብሰው ይመለሳሉ። እኔ ደወል ሲደወል ብርድ ልብሴን ወደ ላይ የምስብ ሰው ነኝና ነገሩ ያናድደኝ ነበር።

«እግዜር ንፋስ መውጫ የለም?» እላቸዋለሁ።

«እሱስ አለ። ቁርባኑ ነው ባሕር ዳር ያለው።»

ከዚያ ጦርነቱ መጣና መንገድ ተዘጋ። መቼ እንደሚከፈት መጠየቁ ራሱ ደከመን። እሳቸው እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውጭ ቆመው ማስቀደስ ጀመሩ፤ የእነሱም ቅዳሴ በግእዝ ነውና በቃላቸው ያውቁታል። እኛ ዘንድ ደግሞ ከቅጥር ውጭ የሚቆመው ንጽሕና የጎደለው ሰው ነው። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ንስሐ ግባ፤ እሱ መሐሪ ነው» አሏቸው። «እሺ እናቴ» ብለው ጎንበስ አሉ። ሰፈሩ ግን ምን ሠርተው ይሆን ሲል ከረመ።

ሲታመሙ ከሕመሙ ይልቅ ሳይቆርቡ መሞቱ አስጨነቃቸው። ወደ ባሕር ዳር ስልክ አይሠራም። ግራ ቢገባኝ የንስሐ አባቴን እንዲያቆርቧቸው ለመንኳቸው።

«ምን ላርግ ልጄ፣ ሥርዓት አሰረኝ» አሉ። እንባቸው መጣ። መጥተው ግን አልጋው አጠገብ ሲጸልዩ ዋሉ።

ቄሱ ሲሄዱ ፕሮፌሰሩ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተስ የቆረብከው መቼ ነው?»

«ልጅ ሳለሁ።»

እኛ አገር እንዲህ ነው፤ ሕፃን ይቆርባል፣ ሽማግሌ ይቆርባል፣ መሃል ያለነው አልበቃንም ብለን እንቀራለን።

«ማን ከለከለህ?» አሉኝ።

በሳምንቱ ዐረፉ። መንገዱ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። በጣም አዘንኩ፤ ተናደድኩም፣ በማን እንደሆነ እንጃ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቄሱ ሥጋ ወደሙን ይዘው ወጡ፤ እናቶች ሕፃናት ታቅፈው፣ ሽማግሌዎች ተደጋግፈው ቀረቡ። ፕሮፌሰሩ ሲመኙት የሞቱት ነገር ፊት ለፊቴ ነበር፤ የከለከለኝም ሰው የለም። ሁሉም ቆርበው መጋረጃው ሲዘጋ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ እዚያው ቆሜያለሁ።