ያልሰገደችው ጓደኛዬ

ባለፈው ቅዳሜ ኮልፌ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ወርጄ፣ አጠገቤ አንድ ነጋዴ የአዲስ ጆንያ እስር ፈታ። ያ ደረቅ፣ ትንሽ ጋዝ ጋዝ የሚል የቃጫ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እግሬ አልሄድም አለ። ከኋላዬ የታክሲ ረዳት «ቀራንዮ! ቀራንዮ!» እያለ ይጮሃል። ነጋዴው ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልንቀሳቀስ ስለው፣ «እትዬ፣ ይገዛሉ ወይስ ይጸልያሉ?» አለኝ። ምን ልበለው? ጓደኛዬን እያሰብኩ ነበር።

የጓደኛዬ አባት ጆንያ ነጋዴ ነበሩ፤ ከጉራጌ አገር መጥተው ኮልፌ የከተሙ። አባቴ ደግሞ የጎጃም ሰው ነው። ቤታችንን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነበር። በየዓመቱ ለስቅለት አባቷ ከሱቃቸው ለሁለቱም ቤት አዲስ ጆንያ ያወጣሉ፤ ተያይዘን ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም እንሄድና ጠጠሩ ላይ አንጥፈን ስንሰግድ እንውላለን።

አሥራ አራት ዓመት ሲሆነን ግን አባቷ ተለወጡ። መጽሐፍ ቅዱስ ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር ገጠሙና፣ ኢየሱስ የእግዚአብሔር ልጅ ነው እንጂ እግዚአብሔር አይደለም፣ ስግደትም ለአብ ብቻ ነው ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ከአባቴ ጋር ሲከራከሩ ሰማኋቸው።

«እስቲ ንገረኝ ወንድሜ፣ ሲጸልይ የነበረው ወደ ማን ነው? ወደ ራሱ?» አሉ አባቷ።

«ሥጋችንን ለብሶ ነዋ! አምላክ ባይሆን ፀሐይ ለማን ብላ ጨለመች?» አለ አባቴ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያኔ የተናደደ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን ወዳጁ ከእጁ ሊያመልጠው እንደሆነ ገብቶት ነበር።

እኔን ደግሞ ጭንቅ ያዘኝ። ጓደኛዬ ገሃነም ትገባለች ብዬ ከልቤ አመንኩ። ሰው እንዲህ ከወደደ እንዴት ዝም ይላል? ለዘንድሮ ስቅለት አሰግዳታለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

የዕለቱ ለት ስጠራት ጆንያዋን በብብቷ ይዛ ወጣች። «አብሬሽ እውላለሁ፤ መስገድ ግን አልሰግድም» አለችኝ። ግዴለም፣ እዚያ ስትደርስ ትለሰልሳለች አልኩ በሆዴ።

የት ትለሰልስ! ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ግቢው ላብና የተረገጠ ሣር ይሸታል። ሕዝቡ «ኪርያላይሶን» እያለ አንድ ላይ ሲወድቅ እሷ ነጠላዋን አጣፍታ በመሀላችን ብቻዋን ቆማለች። ሰው ዞር እያለ ያያታል፤ እኔ አፈርኩ። አንዴ ተነሥቼ ማጅራቷን ያዝኩና ወደ ታች ተጫንኳት። እጄን ቀስ ብላ ከላይዋ አነሳችው። አቤት የኔ ነገር!

ወደ አመሻሹ ላይ ሰው እየተሰለፈ ቄስ ፊት ይቀርባል፤ ቄሱም ጀርባውን በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ አድርገው፣ ከመሄዱ በፊት ስንት እንደሚሰግድ ይነግሩታል። ጓደኛዬን ጎትቼ አንድ ሽማግሌ ቄስ ፊት አቆምኳትና ከሰስኳት።

«አባ፣ ይቺ ልጅ ለጌታ አልሰግድም ብላለች!»

«ለምን ልጄ?» አሏት።

«አባቴ አምላክ አይደለም ይላል። እናቴ ነው ትላለች። እኔ ገና አላወቅኩም። ሳላውቅ ብሰግድ መዋሸት ይሆንብኛል፣ አባ።»

ቄሱ፣ «ለእኔ አምላኬ ነው፤ ስሰግድለት አረጀሁ፤ ነገም እሰግዳለሁ» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እሱ ግን ማጅራት ይዞ ያሰገደው ሰው የለም።» ለካ ሲያዩኝ ውለዋል! ወይራውን ጠበቅ አድርገው ጀርባዬ ላይ አሳረፉና፣ «መቶ ሃምሳ» አሉኝ። ከፊቴ የነበሩትን ሴትዮ አርባ አንድ ነበር ያሏቸው።

ሰው ሲበተን እኔ ጆንያዬ ላይ ቀረሁ። ሰማንያዎቹ ውስጥ ስገባ ቁጥሩ ጠፋብኝ፤ ጉልበቴ እየከዳኝ ነው። ጓደኛዬ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ፣ «ሰማንያ ሦስት» አለች። ለካ እየቆጠረችልኝ ነው። «ዘጠና» ብዬ ልዘል ስል፣ «ሰማንያ አራት! አምላክሽን ታጭበረብሪዋለሽ እንዴ?» አለችኝ። ሳቅ አመለጠን፤ በስቅለት! የመጨረሻዎቹን ክንዴን ይዛ እያነሳች ነው ያስጨረሰችኝ።

አልሰገደችም የሚለው ወሬ ግን ቀድሞን ቤት ገብቷል። አባቴ አልጮኸም፣ አልመታኝም። «ከእንግዲህ እዚያ ቤት እግርሽ እንዳይደርስ፤ እሷም እዚህ እንዳትመጣ» ብቻ አለ። እኔም እሺ አልኩ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እሷን ለመክሰስ አፍ የነበረኝ ልጅ፣ ለእሷ ለመናገር አንዲት ቃል አጣሁ።

በማግስቱ ቀዳም ሥዑር፣ ቄጤማ ራሴ ላይ አስሬ፣ ያበጠ ጉልበቴን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። በሩ ተንኳኳ። ድምፅዋን ስለይ ከበሩ ኋላ ተለጠፍኩና ለታናሽ ወንድሜ በእጄ ምልክት ሰጠሁት።

«የለችም» አላት።

ጫማዬ እኮ ደጃፉ ላይ ነበር። አየችው። ከዚያ እኔ እንድሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ስትመጣ ጉልበቷን ቅቤ ትቀባው በላት» አለችው።

ስትሄድ በሩን ከፈትኩ። ደፉ ላይ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ፣ ቡጢዬን የማያህል ቅቤ ተቀምጧል።

በዚያው ክረምት ሱቃቸውን ሸጠው ከሰፈር ወጡ፤ የት እንደገቡ ዛሬም አላውቅም። ትስገድ አትስገድም አላውቅም። እኔ እሰግዳለሁ፤ አምላኬ ነው፣ ጥርጥር የለኝም። ይቅር በለኝ ስለው ግን በመጀመሪያ የማነሳለት ያንን ቅዳሜ ነው።

ያን ቅዳሜ እናቴ እንዳታየኝ ጓዳ ገብቼ ቅቤውን ጉልበቴ ላይ እያሸሁ አለቀስኩ። ከቆርቆሮው ማዶ ጓደኛዬ ባልዲ ስታስቀምጥ ይሰማኛል። ብጠራት ትሰማኝ ነበር። አልጠራኋትም።