ቤት አላት የተባለችው ቦሰና

ቦሰና ከበደ መርካቶ ውስጥ ጆንያ ስትጠግን ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። የተቀደደውን ከነጋዴ ትሰበስባለች፣ ታራግፋለች፣ በወስፌ ሰፍታ መልሳ ትሸጣለች። የምትኖረው አማኑኤል አካባቢ፣ ሟች ባሏ በተከራያት አንዲት የጭቃ ክፍል ነው። ጣሪያዋ ያፈሳል፤ ክረምት ሲበረታ አልጋዋን ወደ በሩ ትጎትታለች። ለኮንዶሚኒየም በ1997 ተመዝግባ ስምንት ዓመት ጠበቀች።

በ2005 ነባር ተመዝጋቢዎች እንደገና ይመዝገቡ ሲባል ግማሽ ቀን ተሰለፈች። በመስኮቱ በኩል ያለው ወጣት ስሟን ኮምፒዩተሩ ላይ ጻፈና፣ «እናቴ፣ እርስዎ ቤት ደርሶዎታል፤ ተሰርዘዋል» አላት።

«የት ነው የደረሰኝ?»

«ጀሞ። ብሎክ አርባ አንድ።»

«ጀሞን እኮ በዓይኔም አላየሁት፣ ልጄ።»

«እኔ አልሰረዝኩዎትም። ሲስተሙ ነው።»

ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። መስኮቱ ይለያያል፣ መልሱ አንድ ነው። በመጨረሻ መሳለሚያ ላይ ማመልከቻ እየጻፈ የሚተዳደረው ጃፋር ዘንድ ሄደች።

«ቤት ስጡኝ ብለን አንጽፍም፣ እትዬ ቦሰና» አላት። «የተሰረዝኩበት ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠኝ፣ ፋይሌንም ሰው ይየው ነው የምንለው። ይሄ መብትዎ ነው።»

«ኮምፒዩተሩ ነው የወሰነው ቢሉኝስ?»

«ኮምፒዩተር አይፈርምም። ማን እንደፈረመ ይጠይቋቸው።»

ማመልከቻው ገቢ ሆኖ አምስት ወር ተቀመጠ። ቦሰና መጠበቁ ሲያንገሸግሻት አንድ እሑድ ሁለት ታክሲ ይዛ ጀሞ ወረደች። ብሎክ አርባ አንድ ደርሳ፣ ቦሰና ከበደ የሚባል ሰው ይኖር እንደሆነ ጥበቃውን ጠይቃ ሦስተኛ ፎቅ ወጣችና በር አንኳኳች። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ከፈተችላት።

«ቦሰና ከበደ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፤ ምነው?»

«እኔም ቦሰና ከበደ ነኝ።»

ሴትየዋ በሩን ገርበብ አደረገችው። ቤቴን ልትነጥቀኝ መጣች ብላ ነበር። ቦሰና ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ጉልበቷን እያሸች ሁሉንም አጫወተቻት። ወጣቷ ቆማ ሰማቻት። ከዚያ ገብታ መታወቂያዋን ይዛ ወጣችና፣ «መቼ ነው የምንሄደው?» አለቻት።

ሐሙስ ዕለት ሁለቱ ቦሰናዎች ጎን ለጎን መስኮቱ ፊት ቆሙ። የአንዷ አያት ካሳ፣ የሌላዋ በሪሁን ናቸው። የመስኮቱ ልጅ መታወቂያዎቹን ሲያይ ቆይቶ ኃላፊውን ጠራ። ኃላፊው የወረቀት ፋይሉን አስወጥቶ ገለጠ። ማሽኑ ያመሳከረው ስምና የአባት ስም ብቻ ኖሯል፤ እስከ አያት የደረሰ የለም። የትልቋ ቦሰና ስም ወደ መዝገቡ እንዲመለስ ጽፎ ፈረመ።

«ያለፈው ዕጣስ?» አለች ቦሰና። እሷ በሌለችበት አንድ ዕጣ ወጥቶ ነበር።

«እሱን መመለስ አንችልም። ለሚቀጥለው ገብተዋል።»

ወረቀቱን ለጃፋር አሳየችው። ፊርማውን አየ። «ስላመለጥዎት ዕጣ ደግሞ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል» አላት።

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«እሱ እንኳ በቀን አይቆጠርም።»

ቦሰና የጃፋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን አጠፈች። «ዛሬ ደክሞኛል፣ ጃፋር። ሰኞ እንጻፈው» አለችው።

ሰኞ አልመጣችም። ጃፋር በሳምንቱ በጆንያ ተራ ሲያልፍ አገኛት፤ ወስፌውን እንደያዘች አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም አለችው። ስለ ፍርድ ቤቱ እሱም አላነሳባትም።