ያቋረጥኩት ክኒን

ቅዱሳን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን! ጌታ ይባረክ! ሃሌሉያ! ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ነው የቆምኩት። ግን ከመጀመሬ በፊት፣ እዚያ ግራ በኩል ያላችሁ ወንድሞች፣ እባካችሁ መስኮቱን ክፈቱልኝ። አዎ፣ እሱን። የኋላውንም። ብርድ ገባ እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ታገሡኝ፣ ስጨርስ ይገባችኋል።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ጽጌ ነኝ፣ አብነት ሰፈር የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋዋ። ከወራት በፊት እዚሁ ቆሜ "ጌታ ከሳል ፈወሰኝ" ብዬ መስክሬ ነበር። እልል ብላችሁልኛል፣ አቅፋችሁኛል። ዛሬ የወጣሁት ያንን ምስክርነት ላስተካክል ነው።

ወገኖቼ፣ ጌታን ከማወቄ በፊት እረፍት የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ክር ሲበጠስ እሳደባለሁ፣ ደንበኛ ሲዘገይ እጮሃለሁ። የምሰፋባትን ሱቅ የተከራየሁት ከጋሽ ሰይድ ጋር ነው፤ ከወሎ የመጡ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ኮት የሚሰፉ ሙስሊም ሰው ናቸው። ሁለት ማሽን፣ አንድ መስኮት። እሳቸው ይከፍታሉ፣ እኔ እዘጋለሁ። "ጽጌ፣ ትንሽ አየር እናግኝ እንጂ!" ይሉኛል። "ጋሽ ሰይድ፣ ብርድ ሊገድለኝ ነው!" እላለሁ። በዚያች መስኮት ስንጨቃጨቅ እንውል ነበር።

ከዚያ ሳል ጀመረኝ። ብርድ ነው አልኩ። ነጭ ሽንኩርት በማር በላሁ፣ ዳማከሴ አሸተትኩ፣ ማንም ሳያዝልኝ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ዋጥኩ። ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። ቀሚሴ ሰፋኝ፤ በገዛ እጄ ሁለት ጊዜ አጠበብኩት። እስቲ አስቡት፣ ልብስ ሰፊ ሆኜ መክሳቴን ትቼ ጨርቁን ነው የማማርረው! አመሻሹ ላይ ትኩሳት፣ ስተኛ ላብ፤ አንሶላዬ ይጨመቅ ነበር። በመጨረሻ መሐረቤ ላይ ደም አየሁ። ያኔ ፈራሁ።

ጎረቤቴ ወደዚህ ያመጣችኝ በዚያው ሳምንት ነው። ጸለያችሁልኝ፣ ጌታን ተቀበልኩ። ያቺ ቀን እውነት ናት፣ ማንም አይወስድብኝም፣ ስሙ ይባረክ! ፓስተራችን ከጸለዩልኝ በኋላ ምን እንዳሉኝ ታውቃላችሁ? "እህቴ፣ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂጂ" ነው ያሉኝ። ይህንን በመጀመሪያው ምስክርነቴ ዘልዬዋለሁ።

ሄድኩ። አክታዬን መረመሩ። ሲስተሯ አስቀመጠችኝና "የሳንባ ቲቢ ነው" አለችኝ።

"እኔ? ብርድ እኮ ነው!"

"ብርድ ቲቢ አያመጣም። በጀርም ነው የሚመጣው። የታመመ ሰው ሲስል አየሩ ላይ ይቀራል፤ ቤቱ ዝግ ከሆነ አጠገቡ ያለው ይተነፍሰዋል። መድኃኒቱ በነጻ ነው፣ ስድስት ወር ትወስጃለሽ። ደህና ሆንኩ ብለሽ እንዳታቋርጪ! አብሮሽ የሚውል ሰው አለ? እሱም መመርመር አለበት።"

"የለም" አልኩ። ጌታን በተቀበልኩ በማግስቱ ዋሸሁ፣ ወገኖቼ። ጋሽ ሰይድ ቢሰሙ ሱቁን ጥለውብኝ የሚሄዱ መሰለኝ።

ክኒኑን ጀመርኩ። ሽንቴ ቀይ ሆነ ብዬ እየሮጥኩ ብመለስ ሲስተሯ ሳቀችብኝ፤ "የመድኃኒቱ ቀለም ነው፣ ግቢና ሥራሽን ሥሪ" አለችኝ። በሁለት ወር ውስጥ ሳሉ ቆመ፣ ላቡ ቆመ፣ ጉንጬ ሞላ። እዚህ ወጥቼ "ተፈወስኩ!" አልኩ። ስለ ክኒኑ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። የጌታ ሥራ እንዳያንስብኝ ብዬ ነው። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ እልልታችሁ ጣፈጠኝ።

በማግስቱ ጠዋት ክኒኔን ልወስድ ስሄድ ጤና ጣቢያው በር ላይ አንዲት የመዘምራን እህታችንን አገኘኋት። "ጽጌ! አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አለችኝ። "ሰው ልጠይቅ ነው" አልኩና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በዚያው ቀረሁ። ሲስተሯ ደወለች፣ አላነሳሁም። ደጋግማ ደወለች፣ አላነሳሁም። ክኒን መዋጥ አለማመን ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አለማመን አልነበረም፤ የፈራሁት እናንተን ነው።

ወራት አለፉ። ሳሉ ቀስ ብሎ ተመለሰ። እኔ መስኮቱን ዘግቼ እየሳልኩ እሰፋለሁ። አንድ ቀን አንገትጌ ላይ ጎንበስ ብዬ ስሰፋ ጋሽ ሰይድ ሲስሉ ሰማሁ። ያን ሳል አውቀዋለሁ! መርፌዬን አቆምኩ። እሳቸው ደግሞ ስኳር አለባቸው፤ ለእንዲህ ያለ በሽታ አቅም የላቸውም።

"ያንቺ ብርድ ተጋባብኝ መሰለኝ" ብለው ሳቁ።

ቅዱሳን፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መቀመጥ አቃተኝ። እነሳለሁ፣ በሩ ላይ እቆማለሁ፣ እመለሳለሁ። ብነግራቸው ውሸቴ ይወጣል። ባልነግራቸው ሰውየው ይሞቱብኛል። ጸሎት ስጀምር የሳላቸው ድምፅ ያቋርጠኛል። ቀናት እንዲሁ አለፉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው የገዛ ወገባቸውን ለኩና "አጃኢብ! እኔም እንዳንቺ ልጠብ ነው?" አሉ። ቀለዱ። እኔ ግን አለቀስኩ። ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩት።

"ምን ነካሽ? አንቺ መስኮት ከፈትሽ?"

"ጋሽ ሰይድ፣ ቲቢ ነው ያለብኝ። መድኃኒቱን አቋርጬዋለሁ። እርስዎንም ያስያዝኩዎት እኔ ነኝ።"

ማሽናቸው ላይ ያለውን ኮት አጣጥፈው አስቀመጡ። "ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?"

"ሰባት ወር።"

"ሰባት ወር ሙሉ መስኮት እየዘጋሽብኝ!" ወላሂ ብለው ጮኹ፣ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ። ከዚያ ኮታቸውን ለበሱና ወደ በሩ ሄዱ። ጥለውኝ ሄዱ ብዬ ፊቴን ሸፈንኩ። በሩ ላይ ዞረው "ተነሺ እንጂ! ጤና ጣቢያውን የምታውቂው አንቺ፣ ብቻዬን ልሂድ?" አሉኝ።

ሃሌሉያ! ጌታ በሰው ይናገራል፣ ወገኖቼ!

የሁለታችንም ውጤት ቲቢ ሆነ። ሲስተሯ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "ያቋረጠ ሰው ጀርሙ መድኃኒቱን ሊለምድ ይችላል፤ ከለመደ ሕክምናው ይረዝማል፣ ይከብዳልም። እንደዚያ ከሆነ ወደ እሳቸውም የተላለፈው ያው ነው። የመመርመሪያ ማሽኑን ውጤት ጠብቁ" አለችን። ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጋሽ ሰይድ በልባቸው ይጸልያሉ፣ እኔ በልቤ። "ጌታ ሆይ፣ የሰጠኸኝን መድኃኒት ደብቄ በስምህ ተጨበጨበልኝ። ይቅር በለኝ። እኔን እንደ ፈቃድህ፤ እኚህን ሰው ግን ማርልኝ" አልኩ። ጌታን የተቀበልኩት እዚህ አዳራሽ ነው። የተሸነፍኩለት ግን እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ሲስተሯ ወጣች። "አልለመደም። ሁለታችሁም በተለመደው መድኃኒት ትድናላችሁ" አለች። ክብር ለጌታ! ሃሌሉያ! አግዳሚው ላይ ዘልዬ ቆምኩ። ጋሽ ሰይድ "ውረጂ፣ ሰው እያየን ነው" ብለው በቀሚሴ ጎተቱኝ።

መድኃኒቱን ከአንድ ጀምሬ እንደገና ያዝኩ። ጋሽ ሰይድ በዚያው ቀን መዶሻ ተውሰው መስኮቱን ከነማጠፊያው ነቀሉት። አሁን የሚዘጋ መስኮት የለንም፤ ጋቢ ለብሼ እሰፋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በየጠዋቱ አብረን እየሄድን ዋጥን። አክታችን ተመርምሮ ንጹህ ሆኗል፤ ስለዚህ አትሽሹኝ! አራተኛ ወራችን ነው። የእሳቸውም ሳል ጠፍቷል፣ ወገባቸውም ተመልሷል። ክኒኑን ለቤት ይሰጡናል፤ እሳቸው የእኔን፣ እኔ የእሳቸውን መዋጥ እናያለን።

ስለዚህ ዛሬ ምን ልበላችሁ? ጌታ ፈዋሽ ነው! በጸሎትም በመድኃኒትም የሚሠራው እሱ ነው፤ በአንዱ ያፈርኩት እኔ ነኝ። ከተነሳሁ ጀምሮ እዚህ መካከል የሚስል ሰው እሰማለሁ። ስምህን አልጠራም፣ አንቺም ብትሆኚ። ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ብርድ ነው አትበል። ጌታን ታመነውና ሂድ። ብቻህን ከፈራህ ነገ ጠዋት ይህ በር ላይ እጠብቅሃለሁ፤ አብረን እንሄዳለን። ማንም እህት ጤና ጣቢያው በር ላይ ብታገኘን "ክኒን ልንወስድ ነው" እንላታለን።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ትናንት ጋሽ ሰይድ ልመሰክር እንደሆነ ሲሰሙ "ባለፈው መስክረሽ ስትመጪ መድኃኒት አቆምሽ። ነገ ይዘሽው ሂጂ፣ ፊታቸው ዋጪው" አሉኝ። በባዶ ሆድ ስለሚዋጥ ቁርስ አልበላሁም። ይኸው፣ በመሐረብ ቋጥሬ ይዤዋለሁ። ውሃ ያለው ሰው ያቀብለኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እህቴ።

አንድ። ሁለት። ሦስት።

ዋጥኩ፣ ወገኖቼ። አሁን እልል በሉልኝ።