እትዬ በላይነሽ ያስቀመጡኝ ወንበር

መሐል ሜዳ ከተማ፣ በግብርና ጽሕፈት ቤቱ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነበር። ያደግሁት ሞቅ ያለችው ዓለም ከተማ ነው፤ የመንዝን ብርድ በወሬ እንጂ በአካል አላውቀውም። የሰው ሀብት አስተዳደር ቡድን መሪዋ እትዬ በላይነሽ ጠረጴዛ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ከፊታቸው ያለውን የባለጉዳይ ወንበር አሳዩኝ።

“ለጊዜው እዚህ ነሽ” አሉኝ።

አንድ እግሩ የሚነቃነቅ የእንጨት ወንበር ነው። ዲግሪዬን ይዤ እዚያ ላይ መቀመጤ አንገበገበኝ።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ሠራተኛ ለዝውውር፣ ለደረጃ ዕድገት ወይም ለቅሬታ ሲመጣ እኔ ከእሱ ጎን እቀመጣለሁ። ሰውየው ሲወጣ “ምን ፈልጎ ነው?” ይሉኛል። “ዝውውር” ስላቸው ይስቃሉ።

“እሱንማ ማመልከቻው ላይ ጽፎታል። አንቺ አጠገቡ ተቀምጠሽ ምን ሰማሽ?”

መጀመሪያ ሰሞን የምመልሰው እየጠፋኝ እበሽቅ ነበር። እያደር ግን የአንዱ ዝውውር እናቱ ታማበት፣ የሌላው ከአለቃው ጋር ተኳርፎ መሆኑን መለየት ጀመርኩ። ደንቡን ማንም ያነበዋል፤ ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ጡረታቸው ሲቃረብ አዲስ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ መጣ። ቆፍጣና ነው፣ ሥራ ይወዳል፣ መዘግየት አይወድም። በመጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በጓሳ፣ አገሬው ከልሎ በሚጠብቀው የሣር ሜዳ፣ ዳር ያለው የእንስሳት ጤና ጣቢያችን ሠራተኞች በሙሉ ሳያስፈቅዱ ከሥራ እንደቀሩ ሰማ። ለማኔጅመንት ስብሰባ የስንብት ሐሳብ ይቅረብልኝ አለ።

“እሷ ትያዘው” አሉ እትዬ በላይነሽ፣ ወደ እኔ እያመለከቱ።

እኔ ከቢሮ ሳልወጣ ልጨርሰው ነበር። ከሥራ ቀርተዋል፣ ፈቃድ የላቸውም፣ በቃ። እትዬ ግን “አጠገባቸው ሳትቀመጪ?” ብቻ አሉኝ። ነገሩ ገባኝና መኪና እስከሚሄድበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ወጣሁ።

ጣቢያው ተዘግቷል። የጣቢያውን ኃላፊ ማጭድ ይዞ ሜዳው ላይ አገኘሁት፤ አገሩ በሙሉ ከእሱ ጋር ሣር ያጭዳል። ካጨደው ነዶ ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

“እህቴ፣ ጓሳው ተከፈተ እኮ” አለኝ። “ስንት ዘመን ተከልክሎ ኖሮ ነው የተከፈተው። አሁን ለክዳን ያላጨደ እንደገና እስኪከፈት ጣራው ያፈስበታል። በግ የሚያሳክመውም ሰው ይኸው እዚሁ ነው።”

“ፈቃድ ለምን አልጠየቃችሁም?”

“መቼ እንደሚከፈት ሽማግሌዎቹ እስኪወስኑ ማን ያውቃል? ከተወሰነ ወዲያ መሐል ሜዳ ወርደን ፊርማ ይዘን እስክንመለስ ሣሩ ያልቃል።”

የዓለም ከተማ ልጅ ይህን ከየት ታውቃለች? ቢሮ ቁጭ ብዬ ጽፌው ቢሆን ኖሮ እነዚህን ሰዎች ከእንጀራቸው አፈናቅዬ ነበር።

ስብሰባው ላይ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ “ሕጉ ግልጽ ነው፤ ይሰናበቱ” አለ። እትዬ በላይነሽን አየኋቸው። እሳቸው ቢናገሩ ማንም አይቃወማቸውም። ግን የነጠላቸውን ጥለት እያዩ ዝም አሉ። በዚያች ቅጽበት፣ እውነት ለመናገር፣ ጠላኋቸው።

ሌላ የሚናገር ስላልነበረ ተናገርኩ።

“ሳያስፈቅዱ መቅረታቸው ጥፋት ነው፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይገባቸዋል። ብናሰናብታቸው ግን ጣቢያው እንደተዘጋ ይቀራል፤ እዚያ ብርድ ላይ ወጥቶ የሚሠራ ሰው በቀላሉ አናገኝም። ጓሳ በተከፈተ ቁጥር የዓመት ፈቃዳቸውን በስልክ ይጠይቁ፣ በየተራ ይውጡ፣ አንድ ሰው ጣቢያው ላይ ይቅር።”

“ባይሠራ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?” አለ ኃላፊው።

“እኔ።”

ኃላፊው ማስታወሻው ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። “እንግዲያው አንቺው ተከታተይው” አለና ወደ ሌላ አጀንዳ ተሻገረ።

ደጅ ስንወጣ ንዴቴ አልበረደም። “ለምን ዝም አሉ? ሰዎቹ ሊባረሩ ነበር እኮ!”

“ብትንተባተቢ ለመግባት ተዘጋጅቼ ነበር” አሉኝ። “ከጅምሩ ብናገር ግን የሚሰሙት እኔን ነው። እኔ ደግሞ በጡረታ ልሄድ ነው፣ ልጄ። ሰዎቹ ነገ ሌላ ጉዳይ ሲገጥማቸው ማን ይናገርላቸዋል?”

አቀፍኳቸው።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ለቦታው ተወዳደርኩ፤ ከገምጋሚዎቹ አንዱ ያው ኃላፊ ነበር። ከጠየቀኝ ሁሉ የማልረሳው “የጓሳው ጣቢያ እንዴት ነው?” ያለኝን ነው። “ከዚያ ወዲህ ተዘግቶ አያውቅም” አልኩት። ቦታው ለእኔ ሆነ።

ዛሬ በዚያ በሚነቃነቀው ወንበር ላይ የተቀመጠች አዲስ ሠራተኛ አለችኝ። ስታኮርፍ ራሴን አያለሁ። ባለፈው ስብሰባ ላይ አንድ ጉዳይ ስታቀርብ መሐል ላይ ቃል ጠፋትና ወደ እኔ ዞረች። ምላሴን ነክሼ ጠረጴዛውን አየሁ። ዝም ማለት ከመናገር ይልቅ እንደሚከብድ ያን ዕለት አወቅሁ፤ እትዬ በላይነሽም ያኔ ለእኔ ምን እንዳደረጉ። ልጅቷ ወደ ወረቀቷ ተመልሳ ቀጠለች።

ተተኪ የሚፈልግ አለቃ፣ መናገር በሚችልበት ስብሰባ ላይ ዝም ማለት አለበት።