ኡርጌ ማንበብ አትችልም

እጃጂን በሚኒባስ መስኮት ብቻ ያየ ካልሆነ በቀር ኡርጌን የማያውቅ የለም። ገበያው መግቢያ ላይ፣ ከኔ የሰልባጅ መደብ ጎን፣ ሽንኩርቷን ዘርግታ የምትቀመጠዋ ናት። ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ጡሩምባ። «ኮታ! ኑ እንጂ! ሽንኩርት ነው፣ አይነክስም!» ስትል አውራ መንገዱ ላይ ያለ ሹፌር ሳይቀር ዞር ይላል።

ባሏ ሲሞትባት ልጇ ሃዋኒ ገና ዳዴ ትል ነበር። በዚሁ ሽንኩርት አሳደገቻት። ቀበሌ ሲጠሯት አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ትፈርማለች፤ «የኔ ጣት ከናንተ እስክሪብቶ ይሻላል፣ አይደርቅም» እያለች ጸሐፊዎቹን ታስቃቸዋለች። ሳቁባት እንጂ አልናቋትም። እንደዚያ ነበር የምናውቃት፤ እንደዚያ ሆና እንድትቀርም ነበር የምንፈልገው።

ሁለት ሺህ አስራ ሁለት ላይ ኔትወርክ ጠፋ። ስልክ ሁሉ ሰዓት ማያ ሆነ። ልጁ አዲስ አበባ የሆነበት፣ እህቱ አረብ አገር የሆነችበት ሁሉ ስልኩን ወደ ላይ ዘርግቶ ጉብታ ለጉብታ ይዞራል። አንዱን ሽማግሌ የሚጸልዩ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካክዬ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ለካ ኔትወርክ እየፈለጉ ነው።

አምቦ ግን ነበር። ኡርጌ ደግሞ በሳምንት ሁለቴ ሽንኩርት ለማምጣት አምቦ ትወርዳለች። መጀመሪያ አንዷ ጎረቤት «እግረ መንገድሽን ስልኬን ይዘሽልኝ ሂጂ፤ እዚያ ስትከፍቺው የመጣው ሜሴጅ ይገባል፣ መልሰሽ ታመጪልኛለሽ» አለቻት። ቀጥሎ ሁለተኛዋ መጣች፣ ቀጥሎ ሰፈሩ በሙሉ፣ በየስልኩ ጥቂት ብር እየከፈለ። ዘንቢሏ በስልክ ሞላ። ስም ስለማታነብ በየስልኩ ላይ ክር አሰረችበት፤ የኦቦ ጉርሙ ቀይ፣ የእትዬ ዘነበወርቅ ልጅ የገመቺስ አረንጓዴ፣ የኔ ቢጫ።

ከተማው ውስጥ አስተማሪ ሞልቶ፣ ነጋዴ ሞልቶ፣ ለምን እሷ? ኦቦ ጉርሙን ጠይቄያቸው ነበር። መኪና ያላቸው ሰው ናቸው፣ ሲናገሩ ጣታቸው ከአፋቸው ይቀድማል።

«ለአስተማሪ ልስጠው? አንብቦ አንብቦ ፈተና ያወጣብኛል፣ ገባሽ? ኡርጌ ግን ማንበብ አትችልም። ብትከፍተው ለሷ የጉንዳን ሰልፍ ነው። ገባሽ?»

ገብቶኛል። ድሮ የሰው ሚስጥር ሆዱ ውስጥ ነበር። አሁን ሆዳችንን አውጥተን ኪሳችን ከተትነው፤ ያም ሳይበቃን በሰው ዘንቢል አስይዘን ሰባ ምናምን ኪሎሜትር ላክነው። ተከፍቶ እንዳይታይ የተማመንነው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በሴትዮዋ አለማወቅ።

ሃዋኒ በዚያ ዓመት አንደኛ ክፍል ገብታ ነበር። ከትምህርት ቤት መጥታ እናቷ አጠገብ ጆንያ ላይ ተቀምጣ የኦሮምኛውን ፊደል፣ ቁቤውን፣ ጮክ ብላ ታጠናለች። እናትየው የበሰበሰውን ሽንኩርት ከደህናው እየለየች ትሰማለች። አንዳንዴ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ጸሎት ይመስለኛል። መቼ ሊገባኝ! ልጅቷ ቁቤውን ስትጨርስ እናትየውም ጨርሳ ነበር። ሜሴጅ ደግሞ እኛ አገር አማርኛውም ኦሮምኛውም በዚያው በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው። አንዷን ቁልፍ ይዛ ሁለቱንም ቤት ከፈተች።

ለማንም አልተናገረችም። ለምን እንደሆነ በኋላ ጠይቄያት «ብናገር ስልኩን ይነሱኛል» አለችኝ፤ ከሽንኩርቱ ይልቅ እሱ ነበር የሚያኖራት። እውነቱ ግን ከዚያም ይከፋል። ሰው ሲለወጥ ደስ ይለናል እንላለን፤ በየስብከቱ፣ በየስልጠናው «ራስህን አሳድግ» ይባላል። ጎረቤትህ ሲያድግ ግን መጀመሪያ የምታደርገው አጥርህን ማየት ነው። እሷም ይህን ሳታውቅ አልቀረችም።

ያኔ የማላውቀውን አሁን ሳስበው ይቀፈኛል። ኡርጌ ድምጿ እየቀነሰ መጣ። ከአምቦ ስትመለስ ሰው ፊት ላይ ታፈጣለች። ለአንዳንዷ ስትመዝን ሚዛኑ ከሞላ በኋላ ሁለት ሦስት ራስ ትጨምራለች፤ ሴትዮዋ መርቃ ትሄዳለች። እኔ ደግሞ «ዛሬ እጇ ተፈታ» እላለሁ። ለካ ያቺ ሴትዮ ቤት ገና ያልደረሰ ክፉ ወሬ አለ፣ ኡርጌ ቀድማ ታውቀዋለች።

ጥንቃቄዋ ግን ይገርማል። ሜሴጅ ሲገባ ስልኩ ፊት ላይ ብልጭ የሚለውን ብቻ ነው የምታነበው፤ አትከፍትም። ያልተከፈተ ሜሴጅ ደምቆ ይታያል፣ ምልክትም ያደርጋል። ከተከፈተ በኋላ ግን ከድሮዎቹ ጋር ተደርድሮ ዝም ይላል። ይህን ታውቃለች።

አንድ ማክሰኞ አምቦ መናኸሪያ ጥግ ተቀምጣ ስልኮቹን ስትከፍት ባለ አረንጓዴ ክሩ ጮኸ። የገመቺስ። ገመቺስ የኦቦ ጉርሙን አይሱዙ የሚነዳ፣ ሳቁ ከጡሩምባው የሚበልጥ ልጅ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ በጥርጊያው መንገድ ገጠር ገብቶ በቆሎ ይጭናል። ስልኩ ፊት ላይ «ሐሙስ እንዳት» ብሎ ተቆረጠ።

ነካችው። ተከፈተ።

«ሐሙስ እንዳትወጣ። የመኪናውን ታርጋ ሲጠይቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማን እንደነገረህ ለማንም አትናገር።»

እነማን ናቸው የጠየቁት? እኔ አላውቅም፣ እናንተም አትጠይቁ። ያኔ መንገድ ላይ መኪና አስቁመው ሰው የሚያወርዱ ነበሩ፤ እነማን እንደሆኑ እንደሚያወራው ሰው ይለያያል፣ የወረደው ሰው ግን ያው ነው፣ አይመለስም።

ማታውኑ ስልኩን ለገመቺስ ስትሰጠው እኔም ነበርኩ። ከላይ አየት አደረገው፤ ምልክት የለም፣ ኪሱ ከተተው።

«ገመቺስ፣ የሆነ ነገር ጮኾ ነበር እኮ» አለችው።

«የጥቅል ማስታወቂያ ነው አዴ ኡርጌ። ከነሱ በቀር ማን ያስበኛል?»

«እስቲ ደህና አድርገህ እየው።»

«አይቼዋለሁ! በነፃ ሙዚቃ ይጋብዙኛል፣ አንቺ ደግሞ ሽንኩርት ጋብዢኝ» ብሎ አንድ ራስ አንስቶ እየሳቀ ሄደ።

ከዚህ በላይ ብትገፋ «በምን አወቅሽ?» ሊላት ነው። ለእናቱ ለዘነበወርቅ በሹክሹክታ እንዳትነግር፣ የዘነበወርቅ አፍ ከኔም ይብሳል፤ እኔ እንኳ አንዳንዴ ለመዋጥ እሞክራለሁ። ሜሴጁም ለማንም አትናገር ይላል። ኡርጌ ረቡዕ ጠዋት ያገኘችው መላ እንግዲህ የኛው አገር መላ ነው። ዘነበወርቅ ቤት ሄደች።

«እትዬ ዘነበወርቅ፣ ሕልም አየሁ።»

«በስመ አብ! ክፉ ነው?»

«ገመቺስ መኪናው ውስጥ ነው። መንገዱ ጭር ብሏል። መሪውን ሊይዝ ሲል እጅ የለውም። ‹ሐሙስ ነው፣ ሐሙስ ነው› የሚል ድምፅ ይሰማል።»

ለዘነበወርቅ በሜሴጅ ከመጣ ወሬ በሕልም የመጣ ይበልጣል። ሐሙስ ጠዋት የመኪናውን ቁልፍ ከልጇ ሱሪ ሰርቃ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ጩኸቷ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል፦ «ቁልፉ እዚህ ነው! ወንድ ከሆንክ ከጠባህበት ገብተህ አውጣ! በማርያም ስም አትሄዳትም!» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተክርስቲያን ሄደች፣ ከነቁልፉ።

ገመቺስ ቀረ። ከተማው ሳቀበት። ኦቦ ጉርሙ ግን አልሳቁም።

«ለሴትዮ ሕልም ብዬ በቆሎዬ ሜዳ ላይ ይበስብስ? ገባሽ? ትርፍ ቁልፍ አለኝ።»

ጂራን ጠሩት። ጂራ ሥራ ፈትቶ የከረመ ሹፌር ነበር፣ የአያንቱ ባል፤ በደስታ ጫማውን እንኳን ሳያስር መጣ። ያንኑ አይሱዙ አስነስቶ በገበያው በኩል ሲያልፍ አህዮች መንገድ ዘግተውበት እኛ ፊት ለፊት ቆመ። ኡርጌ ሽንኩርቷን ረግጣ ተነሳች።

«ጂራ! ዛሬ አትሂድ!»

«ለምን አዴ?»

«ሕልም—»

«እሱማ የገመቺስ ነው አሉ! እኔን አየሽኝ እንዴ?»

የመኪናውን በር በሁለት እጇ ያዘች።

«አየሽኝ ወይ?»

«አላየሁህም።»

«በቃ! ለኔ ዛሬ ማታ አንድ ሎተሪ ሲደርሰኝ አልሚልኝ!»

እኛም ሳቅን። አህዮቹ ተነሱ፣ መኪናው ሄደ። ኡርጌ የመኪናውን ጀርባ እያየች ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ታርጋውን ነበር የምታየው።

በማግስቱ መኪናው ብቻውን ተገኘ። በሩ ክፍት፣ የጂራ ጃኬት ወንበሩ ላይ። ጂራ የለም። ፈላጊ ወጣ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ወጣ። የለም።

ሰው ሁሉ ወደ ኡርጌ ዞረ። ትናንት በጣት ፊርማዋ የሚስቁት ዛሬ በሁለት እጅ ይጨብጧታል። ቅቤ ይዘው ይመጣሉ፤ «አዴ ኡርጌ፣ ስለ ልጄ የታየሽ ነገር የለም?» እሷ ደግሞ ከዕለት ዕለት ፊቷ እየጠቆረ፣ ቅቤውን እየመለሰች፣ «አላየሁም፣ ዋቃዮ፣ ምንም አላየሁም» ትላለች። ይህን ስትል የበለጠ ያምኗታል።

አያንቱም መጣች። ሕፃኑን አዝላ፣ አልጮኸችም፣ መደቡ ፊት ቆማ፦

«ለኔስ ለምን አላለምሽልኝም? ሽንኩርት ካንቺ አይደል የምገዛው?»

ገመቺስ ሜሴጁን ያገኘው የአንድ ጓደኛውን ቁጥር ሊፈልግ የድሮ ሜሴጆቹን ወደ ታች ሲጎትት ነው። ቀኑን አየ፤ ጂራ ከሄደበት ቀን በፊት። ተከፍቷል፣ እሱ ግን አልከፈተውም። በገበያ ቀን፣ ሰው ግጥም ባለበት ሰዓት መጣ። የዚያን ቀን ሳቁ አብሮት አልመጣም።

«አዴ ኡርጌ፣ ይህንን አንብቢልኝ።»

«ልጄ፣ እኔ መች...»

«አንብቢ። ያን ዕለት ስልኬ ካንቺ በቀር ማንም እጅ አልነበረም።»

አያንቱ እዚያው ነበረች፤ በየቀኑ እዚያ ነበረች። «ምንድን ነው?» አለች።

ኡርጌ ስልኩን ተቀበለች። ማልቀስ ትችል ነበር፣ ራሷን መሳት ትችል ነበር፤ እኔ ብሆን ሁለቱንም አደርግ ነበር። እሷ ግን እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ጣቷን ስልኩ ላይ አድርጋ ማንበብ ጀመረች።

«ሐ...ሙስ... እን...ዳት...ወጣ። የመ...ኪና...ውን... ታር...ጋ...»

ሚዛን የያዘው ሚዛኑን እንደያዘ ቀረ። ዙሪያዬን ሳይ ሰው ሁሉ እጁ ኪሱ ላይ ነው፤ ስልኩን ጨብጦ በልቡ ይቆጥራል፣ በስንት ማክሰኞ ምን ምን እንደላከ። የኔም እጅ እዚያው ነበር።

«ታርጋ?» አለች አያንቱ። «ገመቺስን ሳይሆን መኪናውን ነው የፈለጉት?»

«መኪናውን ነው።»

«ታርጋውን ብትነግሪው ጂራ ይሄድ ነበር?»

«ሕልም ታርጋ አይናገርማ፣ አያንቱ። ሕልም እንዲመስል ብዬ ተውኩት።»

አያንቱ አልመታቻትም። ሕፃኑን አስተካክላ አዘለችና ቆመች፣ ገና የሚቀር ነገር እንዳለ ሁሉ። የሚቀርም ነበር። ከኋላ፣ ከእህል ነጋዴዎቹ በኩል፣ አንድ ጃኬት የለበሰ ሰው ቀርቦ ነበር። ከእጃጂ አይደለም፤ የእጃጂን ሰው እኔ በሳሉ አውቀዋለሁ። በለሰለሰ አማርኛ፦

«እናቴ፣ ማነው የላከው? ከላይ ስሙ ይኖራል አይደል?»

ስልኩ ገና በኡርጌ እጅ ነው፣ ጣቷ እስክሪኑ ላይ። ስሙ እላዩ ላይ ተጽፏል። ሰውየው እጁን ዘረጋ። ኡርጌ አውራ ጣቷን ስሙ ላይ ጫነችና ቀና ብላ አየችው።

«እሱን ማንበብ አልችልም።»

«ሌላውን እንዴት ቻልሽ?»

«ሌላውን ልጄ አስተምራኝ ነው። ስም ገና አልደረስንም።»

ስልኩን አጥፍታ ለገመቺስ አቀበለችው። ሰውየው ፈገግ አለ። አንድ ራስ ሽንኩርት አንስቶ አሸተተና መልሶ አስቀመጠው፤ ሄደ።

ገመቺስ በዚያው ሳምንት ከእጃጂ ወጣ፤ ዘነበወርቅ የት እንደሄደ ብትጠየቅ፣ እንደ ተአምር፣ አፏን ዘጋች። ኔትወርኩ ቆይቶ መጣ። ሰው ሁሉ ስልኩን በጣት አሻራ ቆለፈ፤ ኦቦ ጉርሙማ ቆልፈው ቆልፈው ራሳቸውም መክፈት አቅቷቸዋል። ጂራ እስካሁን የለም። አያንቱ ሽንኩርት ከሌላ ትገዛለች። ኡርጌን የሚሰድባት የለም፣ የሚያጫውታትም የለም። ያ ጡሩምባ ድምጿ ጠፍቷል፤ ሃዋኒም ከእንግዲህ ገበያ መጥታ አታጠናም።

ሰውየው ግን በገበያ ቀን ይመጣል። እጃጂ ውስጥ ቤት የለውም፣ ድስት የሚጥድለት የለም፣ ግን አንድ ኪሎ ይገዛል። ኡርጌ ቀና ሳትል ትመዝንለታለች።

«እንዴት ነው ትምህርቱ? ስም ደረሳችሁ?» ይላታል።

«ተውነው።»

«ያሳዝናል። ሃዋኒስ ስንተኛ ክፍል ደረሰች?»

የልጅቷን ስም እኛ አልነገርነውም።