የአርዲስ ቀይ ቦርሳ

ሰሜን ዳኮታ ላይ ስንዴው ገብቶ ውርጭ መውረድ ሲጀምር፣ ጡረተኛው ቤቱን ቆልፎ፣ መኝታና ምድጃ በተሠራለት ቤት-መኪናው ወደ አሪዞና በረሃ ይወርዳል። የአርዲስ ሎከን ጉዞ ግን የሚጀምረው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ቀይ ቦርሳዋን ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ስትዘረግፍ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የተማሪዎች አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች ሴት ናት። ሐኪም ቤት በማይገኝበት መንገድ ላይ ሰው ሲጎዳ ምን እንደሚመስል ታውቃለች።

ፋሻውን ፈትታ እንደገና ትጠቀልላለች። ጊዜው ያለፈበትን ክኒን ትጥላለች፤ ወረንጦዋን በአልኮል ትወለውላለች። ጥርሱ ሰፋ ያለ ማበጠሪያም አላት፤ ለፀጉር አይደለም። የበረሃው ቁልቋል ቆዳ ላይ ሲጣበቅ በእጁ ሊነቅል የሞከረ ሰው ሌላውንም እጁን ስለሚያስይዝ፣ በማበጠሪያ ፈንቅሎ መጣል ነው የሚያዋጣው። ከሁሉም በላይ ግን የምትሳሳላት፣ ለብቻዋ በጨርቅ ተጠቅልላ የምትቀመጥ እንደ እስክሪብቶ ያለች መርፌ ነበረች። ተርብ ቢነድፈው ወዲያው የምትወጋ፣ መድኃኒት የተሞላች የባሏ የሜርል መርፌ ናት። አንድ በጋ የእህል ጎተራ ሲጠግን ተርብ ነድፎት፣ ጉሮሮው አብጦ ለጥቂት ነው የተረፈው። ሐኪሙም ሁለተኛው እንደማይምረው ነግሮታል።

ሜርል ነገሩን በቀልድ ያልፈው ነበር።

«እኔ ሁለት ሱሪ ይዣለሁ፤ አንቺ ሆስፒታል ጭነሻል» ይላታል።

«ግድ የለም፣ ተርብ ሲነድፍህ ሱሪህን አቀብልሃለሁ።»

የመጀመሪያው ቤት-መኪናቸው ጠባብ ነበር፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው አልጋ ላይ መውጣት ነበረበት። በረሃው ሰፈር ውስጥ ደግሞ ማታ ማታ ወንበር ዘርግተው የሚጫወቱት ስለ ሌላ ነገር አይደለም፤ የማን መኪና ስንት ግድግዳ ያወጣል ነው። አዲሶቹ መኪናዎች ቆመው አዝራር ሲጫኗቸው፣ የሳሎኑ ግድግዳ ሶፋውን እንደተሸከመ ወደ ውጭ ይሄድና ቤቱ ይሰፋል። ለጉዞ ሲነሡ ግድግዳው ተመልሶ ይገባል፤ ሳሎኑም መተላለፊያ ይሆናል። ሜርል የሰው ሳሎን ውስጥ ቡና እየጠጣ ሲቀና ኖሮ፣ በመጨረሻ አሮጌውን ለውጦ እንዲህ ያለውን ገዛ። አርዲስ መጀመሪያ አኮረፈች። ግድግዳው እያዜመ ቀስ ብሎ ሲወጣ ስታይ ግን እንደ ልጅ ሳቀች፤ ደግመህ አውጣው አለችው።

ዕቃ ማስገባቱ የእሷ ሥራ ነበር። የመድኃኒት ቤቷ ሠራተኛ ያ መርፌ ሙቀት እንደማይወድ አስጠንቅቃታለች፤ የመኪናው ፊት ደግሞ ፀሐይ ሲመታው ምጣድ ነው። ስለዚህ ለቦርሳው ፀሐይ የማያገኘውን፣ ከማቀዝቀዣው ጎን ያለውን ዝቅተኛ ቁም ሣጥን መረጠች። ሜርል ቦርሳውን ከመኪናው በር አጠገብ ሚስማር መትቶ ሊሰቅለው ፈልጎ ነበር።

«መርፌውን ቀቅለህ ልትወጋው ነው?» አለችው።

ተከራከሩ፤ እሷ አሸነፈች። ዕቃውን ስትሰድር መኪናው ግቢያቸው ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ግድግዳው ወጥቷል፣ ቁም ሣጥኑም ወለል ብሎ ይከፈታል። ቤት-መኪና ያለው ሰው ሁሉ ቤቱን የሚያሰናዳው እንዲህ ቆሞ፣ ተንደላቆ ነው። ግድግዳውን አስገብቶ እያንዳንዱን በር የሚሞክር ማን አለ? አርዲስም አልሞከረችም።

ክረምቱን በረሃው ላይ እንደ ወትሮው አሳለፉት። እግሩን ስለት የቆረጠውም፣ የእሳት ፍንጣሪ ያቃጠለውም ወደ እሷ ነበር የሚመጣው። ጎረቤቷ ላቮን ቁልቋል ላይ በመቀመጧ፣ አርዲስ ማበጠሪያዋን ይዛ ከመጋረጃ ጀርባ የሠራችው ሥራ ሰፈሩን ለሳምንት አሳቀው። በሰፈሩ አዳራሽም ቦርሳዋን ከፍታ፣ ለመንገድ ምን መያዝ እንደሚገባ አስተማረች። ሴቶቹ ቁም ሣጥኗን ሳይቀር መጥተው አዩላት። እነሱም ያዩት ግድግዳው ወጥቶ ነው።

ፀደይ ሲሆን ወደ ሰሜን ተነሡ። ዩታ ውስጥ፣ አንዱ ጎን ገደል ሌላው ጎን ቋጥኝ በሆነ ጠባብ መንገድ ላይ አንድ ነገር ሲንኳኳ ሰሙ። የውኃ ማሞቂያው የውጭ መዝጊያ ተከፍቶ ነው የሚያማታው። ሜርል ቋጥኙን ተጠግቶ አቆመና ሊዘጋው ወረደ። በረሃው ላይ ቆመው በከረሙበት ጊዜ ተርቦች ከመዝጊያው ጀርባ ቤት ሠርተው ነበር።

ሲመለስ አልሮጠም። ማጅራቱን ይዞ መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ነደፈኝ፣ አርዲስ» አለ፤ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር ድምፁ።

እሷም አልደነገጠችም። ለዚህ ቀን ነው ስትዘጋጅ የኖረችው። ወደ ኋላ ሄደች፤ ግድግዳው ለጉዞ ሲገባ አብሮት የገባው ሶፋ ከቁም ሣጥኑ በር ፊት ተገትሯል። ጎተተችው፤ ከግድግዳው ጋር የተሠራ ነው፣ አይነቃነቅም። እጇን በስንጥቁ አስገባች፤ በሩ ጣት የሚያስገባ ያህል እንኳ አልከፈት አላት። አዝራሩን ተጫነች። ግድግዳው ስንዝር ያህል ወጣና ከቋጥኙ ጋር ተጋጭቶ ቆመ።

መልሳ አስገባችው። ስልኩ በዚያ ሸለቆ ውስጥ አይሠራም፤ የሚያልፍ መኪናም አልነበረም። ሜርልን ወደ ጎን አዛውራ መሪውን ያዘች። አውቶቡስ ስትነዳ የመጀመሪያ ሕክምና ሳጥኑ ከመቀመጫዋ አጠገብ፣ እጇን ብትዘረጋ በምትደርስበት ቦታ ተሰቅሎ ነበር፤ ያን ሁሉ ዘመን። ይህን ያኔ፣ እየነዳች አሰበችው። መንገዱ አልሰፋ አለ። ሜርል ትንፋሹ ያፏጫል፤ ከንፈሩ አብጧል። አንድ ጊዜ መሪው ላይ ያለውን እጇን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ቀስ በይ ማለቱ ይሁን ፍጠኚ፣ አላወቀችም።

በስተመጨረሻ ሜዳ አገኘች። አዝራሩን ተጭና ቆመች። ግድግዳው እንደ ልማዱ እያዜመ፣ ሳይቸኩል ወጣ። አይገፋም፣ አይጣደፍም። ቁም ሣጥኑ ሲከፈት ቦርሳው እንደተሰደረ ነበር፤ መርፌዋም ቀዝቃዛ ነበረች፣ አልተበላሸችም። እንደተማረችው ጭኑ ላይ ወጋችው። የወጋችው ግን ነፍስ የሌለውን ሰው ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት ብቻዋን ነድታ ወደ በረሃው ተመለሰች። ሌላ የምትሄድበት አልነበራትም፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ቢያንስ ሜርልን ያውቁታል። ወሬው ቀድሟት ደርሶ ኖሯል። በየመኪናው በር አጠገብ አዲስ ሚስማር ተመትቶ ቦርሳ ተንጠልጥሏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ላቮን አቅፋት አለቀሰች፤ ከዚያ እንደ ዓምናው አዳራሹ ውስጥ እንድታስተምር ለመነቻት። አርዲስ ሄደች፤ እምቢ ለማለትም ጉልበት ይጠይቃል።

ያየችውን ሁሉ፣ ሶፋውንም ቋጥኙንም፣ ሳታለቅስ ነገረቻቸው። ስትጨርስ ላቮን ተነሥታ እጇን ያዘቻት።

«አርዲስዬ፣ የሜርል ሞት ከንቱ አልቀረም። ስንቶቻችንን አተረፈ መሰለሽ።»

«ለእናንተ ይሆናል» አለች አርዲስ። «ለእኔ ከንቱ ነው የቀረው።»

ኬክ ይዛ ልታዞር የተነሣችው ሴት ባለችበት ቆመች። አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ በር አጠገብ ካንጠለጠሉት ሙቀቱ መርፌውን አያበላሸውም ወይ ብሎ ጠየቀ። የምር ጥያቄ ነበር፤ ሚስቱ ንብ አይስማማትም።

«ይበላሻል» አለችው። «ይበላሽ። ሌላ ትገዛለህ።»

ኬኩ ሳይታደል ወጥታ ጥላ ሥር ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ ሰዎቹም እየተንጠባጠቡ ወጥተው ወደየመኪናቸው ገቡ። ከዚያ በሰፈሩ ሁሉ ግድግዳዎቹ እያዜሙ ይገቡ ጀመር፤ በሮች ይሞከራሉ፣ ግድግዳዎቹ ተመልሰው ይወጣሉ። ባልና ሚስት ከውስጥና ከውጭ ሆነው «ተከፈተ?»፣ «ተከፍቷል!» ይባባላሉ። አርዲስ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የመጨረሻው ግድግዳ እስኪቆም ድረስ አዳመጠቻቸው።