ቦራ በሙሉ ጌጡ

ቅዳሜ ንጋት፣ ጊንጪ

ገና ሳይነጋ ቦራን ጭነን ከጊንጪ ወጣን። መኪናዋ እህል የምታመላልስ አሮጌ ኤንትሬ ናት። እናቴ ጋቢና ገብታለች። እኔ፣ ባለቤቴ አልማዝና ልጃችን ሰናይት ከፈረሱ ጋር ከኋላ ቆመናል። የጥር ብርድ ጆሮ ይቆርጣል።

"አካም ቡልተን፣ እትዬ የሺ!" አሉ ሾፌሩ ኦቦ ለሚ። "ሰኞ ገበያ የማደርሰው ፈረስ ይሄ ነው?"

"እሱው ነው" አለች እናቴ፣ ቁርጥ አድርጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦራ የአባቴ ፈረስ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። አባቴንም አገሩ ሁሉ በስሙ ሳይሆን "አባ ቦራ" እያለ ነበር የሚጠራው። ካረፈ ዓመት አልፎታል፣ ተዝካሩም ወጥቷል፤ እናቴ ግን ጥቁሯን አላወለቀችም። ቦራ ደጅ ባሽካካ ቁጥር የያዘችው ዕቃ ከእጇ ይወድቃል። "ባለቤት የሌለው ፈረስ ደጄ ቆሞ አያስለቅሰኝ፣ ይሸጥ" አለች። እኔ ለመንኳት። እሑድ ጉደር ላይ የፈረስ ውድድር አለ፣ በጌጥም በግልቢያም፤ ከጋለብኩት ባለቤት አገኘ ማለት ነው፣ ካቃተኝ ሰኞ ይሂድ።

"እስቲ እናያለን" አለች፣ ከላይ እስከ ታች እያየችኝ። ምን ታድርግ! ቦርጫም የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። እኔም ራሴን ብዙ አላመንኩትም።

ረፋድ፣ መንገድ ላይ

ከጊንጪ ወዲያ ግራ ቀኙ የታጨደ ጤፍ ነው። አውድማው ሁሉ በጭድ ክምር ተሞልቷል። የጋቢናውን ጣራ ደብድቤ መኪናዋን አስቆምኩና ለቦራ ጭድ እንግዛለት አልኩ።

እናቴ በመስኮት አንገቷን አወጣች። "ለሁለት ቀን ዕድሜ ምን ጭድ ያሻዋል? ይንዷት፣ ኦቦ ለሚ!"

አምቦ መግቢያ ኬላው ላይ ገመድ ተወጥሯል። ሚሊሺያው የሁላችንንም የይለፍ ወረቀት አገላብጦ ካየ በኋላ ወደ ቦራ አንጋጠጠ።

"የፈረሱስ?"

"እሱ ዘመድ ጥየቃ ነው፣ ወንድሜ፤ ወረቀት አላወጣንለትም" አለችው አልማዝ። ሰውዬው እንደ መሳቅ ብሎ ገመዱን ለቀቀ።

ከተማው ውስጥ ሻይ በፓስቲ ቀመስን። ሰናይት የአምቦ ውኃ አፍንጫዋ ድረስ ወጥቶባት እንባዋ እስኪመጣ አስነጠሳት። እናቴ ግን ከጋቢና አልወረደችም። ሻይዋን በመስኮት ሰጠኋት፤ ሳትነካው አቀዝቅዛ መለሰችልኝ። ከማለዳ ጀምሮ ወደ ኋላ ዞራ ፈረሱን አንድ ጊዜ እንኳ አላየችውም።

እሑድ፣ ጉደር

አክስቴ ቤት አድረን ጧት ጌጡን ከሳጥን አወጣሁ፤ ኮርቻው ላይ የሚነጠፈውን ቀይ ግላስ፣ የአንገቱን ቃጭል፣ የግንባሩን ጉንጉን። ሁለት ወር ሙሉ ስለማመድ ላብ እንዳይነካው ብዬ አንድ ቀን አላለበስኩትም። ያለ ጌጥ በኮርቻው ብቻ ነበር የምጋልበው። ብልጥ መሆኔ ነው!

ሜዳው በሰው ጢም ብሏል። ድምፅ ማጉያ የያዘው ጓድ ስማችንን ጠራ። አንዴ "ቼ!" አልኩና ገባሁ። ቃጭሉ ሲጮኽ ቦራ አንገቱን ደፋ።

መሮጥ ቀርቶ መራመዱም ቸገረው። ቀስ እያለ ሜዳውን በግራ በኩል መዞር ጀመረ። ሴቶች ተሰብስበው የተቀመጡበት ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ቀጠለ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ሲደርስም ቆመ። ተረከዜን ብሰካበትም ከቁብ አልቆጠረኝም። ጎረምሶቹ በሳቅ ፈረሱ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ "ኧረ ይሄ ለቅሶ ላይ ነው የሚዞረው!" አሉ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ይህን ጌጥ ለመጨረሻ ጊዜ የለበሰው አባቴ የተቀበረ ዕለት ነው። እንደ አገሩ ወግ ሙሉ ጌጡን አልብሰን፣ ባዶ ኮርቻውን በለቅሶተኛው መሀል አዞርነው። እያንዳንዱ ለቅሶተኛ ፊት አቁመነው ነበር። ይሄው፣ የተማረውን ነው የሚሠራው።

ቀና ስል እናቴ ሜዳውን ሰንጥቃ ትመጣለች። ጓዱ በድምፅ ማጉያው "እናት፣ ይመለሱ!" ይላል፤ ማን ሰምቶት። መጥታ ቃጭሉን ፈታች፣ ጉንጉኑን አነሳች፣ ግላሱን ከሥሬ መንጭቃ አወጣች። ከዚያ የቦራን ግንባር በሁለት እጇ ያዘች።

"በቃ፣ የኔ ልጅ። ቀብረነዋል። አልቅሰንለታል። በቃ።"

በዚያ ሁሉ ጊዜ "ቀብረነዋል" ስትል ሰምቻት አላውቅም። ወደ እኔ ቀና አለችና፣ "አንተ ደግሞ ምን ይዘህ ትገትረዋለህ? ልቀቀው!" አለች።

ለቀቅኩት። እሱም ለቀቀው! ሽምጥ ሲጋልብ አንድ እግሬ ከእርካብ ወጣ፣ ባርኔጣዬ በረረ፣ ጋማውን አንቄ የማውቀውን መልአክ ሁሉ ጠራሁ። ሜዳውን ጨርሰን ስንመለስ ጓዱ ያለ ጌጥ የሮጠ አይቆጠርም ብሎ ሰረዘን። ይሰርዘን። እኚያ ሽማግሌ ልጓሙን ይዘው "አይዞህ፣ አባ ቦራ!" ሲሉኝ፣ ምን እደብቃለሁ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እሑድ ከሰዓት፣ መመለሻ

እናቴ ጋቢና አልገባም አለች። ደግፈን ከኋላ ከቦራ ጋር አሳፈርናት። አምቦን አልፈን ንፋሱ ሲበረታ ጥቁር ነጠላዋን አወለቀችና ቦራ ጀርባ ላይ ደረበችው።

"አልቦታል፣ ይበርደዋል" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

አልማዝ ነጩን ጋቢዋን አለበሰቻት። እናቴም አልመለሰችውም።

ጊንጪ ቦራን ካወረድን በኋላ ኦቦ ለሚ ሞተሩን ሳያጠፉ በመስኮት ብቅ አሉ።

"እትዬ የሺ፣ ነገ በስንት ሰዓት ልምጣ?"

"በጧት ይምጡ። ጭድ የሚጫንበትን ገመድ እንዳይረሱ።"

"ፈረሱስ?"

"ታዲያ ጭዱን እርስዎ ሊበሉት ነው?" አለች እናቴ።